ለአባቴ ያልተረጎምኩት

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ወደ ሱቄ ስትገባ፣ ሊለኩ የመጡ ሁለት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቆምኩ ቆየሁ፣ ይህችን እንቅስቃሴ ግን ጀርባዬን ሰጥቼም አውቃታለሁ። አንደኛዋ ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ "ይቺ ናት እኮ፣ ግማሽ አንጎሏን ያወጡላት" አለች። ሹክ ማለቷ ነበር፤ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ በላይ ተሰማ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ እግሯን ጎተት ታደርጋለች፣ ግራ እጇ ታጥፎ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ስትገባ በግራ ትከሻዋ የበሩን መቃን ገጨችው። "ይቅርታ ጌታው" አለችው መቃኑን፤ ከዚያ በራሷ ቀልድ ሳቀች።

እኔን ግን አላሳቀኝም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩና ሴቶቹን፣ "ጨርቃችሁን ያዙና ውጡ" አልኳቸው።

"ምን አጠፋን ጋሽ ሰይድ?"

"ውጡ።"

"እኛ እኮ እንዳይጋባብን ብለን ነው..."

"የሚጋባው የእናንተ ነው! ውጡ ብያለሁ!"

ቆቦ ላይ አርባ ስድስት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ ደንበኛ አባርሬ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ድምፄ አስፋልቱን ተሻግሮ ጥላ ስር የቆሙትን የባጃጅ ልጆች አዞራቸው። የልጅቷ እናት ወይንሸት ትባላለች፣ ሮቢት አስተማሪ ናት። "ይተዉአቸው ጋሼ፣ ለምደነዋል" አለችኝ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ለምን ይለመዳል?

የመጡት ለዩኒፎርም ነበር። ሜላት፣ ልጅቷ ማለት ነው፣ በአንድ እጇ ራሷ የምትለብሰው ሸሚዝ ፈለገች፤ ቁልፍ የሌለው፣ ተጭኖ የሚጣበቅ፣ ግራ እጅጌው ሰፋ ያለ። ሜትሬን ይዤ ስጠጋት፣ "ጋሼ፣ በዚያ በኩል ሲመጡ አላይዎትም፤ በቀኝ በኩል ይምጡ" አለችኝ። በቀኝ በኩል መጣሁ። ትከሻዋን እየለካሁ እናቷን ሕመሙ ከምን እንደጀመራት ጠየቅኋት።

"ከአውራ ጣቷ" አለች ወይንሸት። "አምስት ዓመቷ ላይ ነበር። የግራ አውራ ጣቷ ብቻዋን ትዘላለች። የምትጫወት መስሎኝ ተቆጣኋት። ከዚያ እጇ፣ ከዚያ ፊቷ፣ ከዚያ መውደቅ መጣ። በመጨረሻ በቀን ስንቴ እንደምትወድቅ መቁጠሩን ተውኩት። መድኃኒቱ ሁሉ አልይዝ አላት። ወንድሜ ከውጭ ረድቶኝ ህንድ አገር ወሰድኳት። የቀኙ አንጎሏ ታሟል፣ ጤነኛውንም እያወከው ነው፣ ካልለያየናቸው ሁለቱንም ታጣለች አሉኝ።"

"አወጡት?"

"ጥቂቱን አወጡ፤ የቀረው እዚያው አለ። ከጤነኛው ጋር የሚያገናኘውን ነው የቆረጡት። ስትነቃ ግራ ጎኗ በድን ነበር፤ መራመድ እንደገና ተማረች። ልጅ ስለሆነች የቀረው ወገን ሥራውን ይለምዳል ብለውኝ ነበር። ለመደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም።"

"ከበር ጋር ብቻ ነው የምጣላው" አለች ሜላት።

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። "እውነት ነበር ማለት ነው" አልኩ። ወይንሸት "ምኑ ጋሼ?" አለችኝ። የእህቴ የሀዋም ከአውራ ጣቷ ነበር የጀመረው። የግራ።

ያን ጊዜ ቆቦ አንድ ረጅም መንገድና ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የእንጨት በረንዳዎች ነበረች። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ይርገበገባል፤ የአፋር ግመሎች ጨው ጭነው በዚያው መንገድ መሀል እየተንገዳገዱ ሲገቡ አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሻይ በአስር ሳንቲም ነበር፣ ግማሹ ስኳር። ፖፕሊን ሜትሩ በብር ከስሙኒ ይሸጣል፤ የሚያብረቀርቀው ዓይነት ደግሞ ለሙሽራ ብቻ። ገበሬው ሽርጡን አገልድሞ፣ ጎፈሬው ላይ ሚዶ ሰክቶ ገበያ ይወጣል፤ እኛ ተማሪዎቹ ደግሞ ከጉልበት በታች ሰፍቶ አቧራ የሚጠርግ ሱሪ እናሰፋ ነበር። አጎቴ አንደኛው በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ስለነበር ከትምህርት መልስ እሱ ጋር እውላለሁ። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ሲጀምር በረንዳው ላይ ያሉት አራቱም ልብስ ሰፊዎች እግራቸውን ከመርገጫው ላይ ያነሳሉ። እስከ ዛሬ የዚያን ጊዜ ዘፈን ስሰማ እግሬ ይቆማል። ሰዎች ይህን ስነግራቸው፣ "ደጉ ዘመን" ይሉኛል። ለማን ደግ እንደነበረ አይጠይቁም።

ሀዋ ከእኔ በስምንት ዓመት ታንሳለች። እኛ በረንዳ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ትውላለች። በሕይወቴ የመጀመሪያው የሰፋሁት ልብስ የሷ ነው፤ አረንጓዴ መደብ ላይ ጥቃቅን ቢጫ አበባ ያለው ቀሚስ። አንደኛው እጅጌ ከሌላው ረዘመብኝ። አጎቴ ፍታው ሲለኝ እሷ እምቢ አለች። ለብሳው ወጥታ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ "ወንድሜ ነው የሰፋልኝ። አንዱ እጅጌ ለቆላ ነው፣ አንዱ ለደጋ" ትል ነበር። ስድስት ዓመቷ ነበር። በዚያው ክረምት አውራ ጣቷ መዝለል ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው የረሳው ይመስለዋል፤ እኔ አልረሳሁም። ሻይ ቤቱ የጠጣችበትን ብርጭቆ ለብቻው መደርደሪያ ላይ እንዳስቀመጠ አልረሳሁም። መምህሩ አባቴን አስጠርቶ፣ "ልጆቹ ይደነግጣሉ፣ ቤት ትቆይ" ያለውን አልረሳሁም፤ ሲናገር ዓይኑን ጠመኔው ላይ አድርጎ ነበር። መንገድ ላይ ስትወድቅ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ስር ይይዛል፣ ሌላው "አትንካት፣ አረፋው ይጋባል" ብሎ ይጮኻል። ዛሬም ሰው አጠገቤ ክብሪት ሲጭር ተነስቼ እወጣለሁ። ዱዓ ያደረጉላትን ሽማግሌዎች ግን አልወቅስም። እነሱ ቢያንስ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አድርገዋል። የቆቦ ጤና ጣቢያ የሰጣት ክኒን አለ፤ ሲገኝ ትንሽ ይቀንስላት ነበር፣ ሲጠፋ ይብስባታል። ባለፈው ወር አንዲት እናት እዚሁ ሱቄ ተቀምጣ፣ ለልጇ ያዘዙላት ክኒን ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስንሠራ ነበር?

ሀዋ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ግራ እጇ ዕቃ መያዝ አቆመ፤ ጣቷ ግን ተኝታም መዝለሉን አይተውም ነበር። ጤና ጣቢያው ደሴ ውሰዷት አለ። አባቴ ከከተማው በታች ማሽላ የሚያርስ፣ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ሰው ነው፤ ደሴን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። እኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ፣ እንግሊዝኛ ላይ ከክፍሌ አንደኛ። አብሬያቸው ሄድኩ።

የተቀበለን ሐኪም ፈረንጅ ነበር፤ ረጅም፣ ጆሮው በፀሐይ የቀላ። የሚያስተረጉምለት ሰው ያን ቀን ስላልመጣ፣ "እኔ እችላለሁ" አልኩ። እንዴት እንደኮራሁ! ሐኪሙ ሀዋን ረጅም ሰዓት አያት። እጇን ይዞ፣ ዓይኗን አይቶ፣ አስኪዷት፣ አስቁሟት፣ መጨረሻ ላይ አቅፎ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ክብ ሣለ፤ ክቡን መሀሉ ላይ በመስመር ከፈለው። ለእኔ ቀስ ብሎ እንዲህ ሲል ተናገረ፦ ግማሹ አንጎሏ ታሟል፣ ደህናውንም ይዞት ሊሄድ ነው። በእኔ አገር የታመመውን ግማሽ የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ። አደገኛ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ልጅ ይድናል። እጇ እንደ ድሮው አይሆንም። ትራመዳለች ግን፣ ታወራለች፣ ትስቃለች። ልጻፍላቸው፤ በነፃ የሚቀበሏት ይመስለኛል። አባቷ እሺ ይበለኝ። ሁሉንም ገባኝ። አንድ ቃል እንኳ አላመለጠኝም።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለ?"

"ግማሽ አንጎሏን እናውጣ ይላል።"

"ምን?"

"አንጎሏን። ግማሹን።"

አባቴ ቀና ብሎ ሐኪሙን አየው፤ ሀዋን ከወንበሩ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረጋት። ሐኪሙ እኔን ያያል፤ የቀረውን እስክናገር ይጠብቃል። አባቴም እያየኝ፣ "ሌላስ? ብዙ ተናገረ እኮ። ሌላ ምን አለ?" አለኝ።

"ሌላ ምንም አላለም።"

ለምን እንዲህ አልኩ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለራሴ ስሰጠው የኖርኩት መልስ ሐኪሙ እብድ ነበር፣ አባቴን ከእብድ አዳንኩት የሚል ነው። ግማሽ አንጎሉን አጥቶ የሚስቅ ሰው አለ ቢሉኝ ያኔ ማንም አያምንም ነበር፣ እኔም አላመንኩም። ይሄ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሀዋ ሰልችታኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ሱሪዬ ሰፊ ነበር፣ ጎፈሬዬ ያማረ፤ ሴት ተማሪዎች ግን ሲያዩኝ፣ "የዚያች የምትወድቀዋ ወንድም" ይባባሉ ነበር። ነገሩ እንዲያልቅ ፈለግሁ፤ ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ እንደገና ደሴ፣ እንደገና የአባቴ ፊት፣ ይህ ሁሉ ደከመኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተነው ወጣን። ሐኪሙ እስከ በሩ ተከትሎን "ቆይ፣ ቆይ" አለ፤ በአማርኛ። የሚያውቃት ቃል እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሀዋ አባቴ ጭን ላይ ሳለች ሕመሟ ጣላት። ተሳፋሪው ተንጫጫ። ሾፌሩ ጎብዬ ላይ አቁሞ አወረደን፣ ዕቃችንን በመስኮት ወረወረልንና ሄደ። አባቴ የተበተነውን ዕቃ ለቀመ። በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን በጭነት መኪና ቆቦ ገባን። ሀዋ ነቅታ ነፋሱ ፀጉሯን ሲያነሳው፣ "አያ ሰይድ፣ ይሄ ከአውቶቡስ ይሻላል" አለችኝ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ሁለት ዓመት ኖረች። የሞተችው በገበያ ቀን ነው። ሌሊቱን ዞብል ላይ ዘንቦ ጠዋት ጎርፍ ወርዶ ነበር፤ አባቴ ማሳው ላይ ነው፣ እናቴ ጤፍ ትሸምታለች። ሀዋ ከገበያው ዳር ያለውን ቦይ ስትሻገር ጣላት፤ በፊቷ ተደፋች። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከዋጃ የመጣ አለ፣ ከሮቢት የመጣ አለ፣ ከጎብዬ የመጣ አለ፣ ሁሉም ሮጦ መጥቶ ቦዩ ዳር ክብ ሠርቶ ቆመ። "አትንኳት! ይለቃታል!" አለ አንዱ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሰውየው አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ፣ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። እኔ ከበረንዳው ጩኸት ሰምቼ ስደርስ አንድ ትልቅ ሰው፣ ሽበታም፣ ክብሪት ለኩሶ ከበላይዋ ቆሟል። አፍንጫዋ ጭቃ ውስጥ ነው፣ እሱ ክብሪት ለኩሷል። ገፍትሬው ገባሁ። ስገለብጣት ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ጫማቸው እንኳ አልራሰም። የዚያን ሁሉ ሰው ጫማ አንድ በአንድ አየሁት፤ ደረቅ ነበር።

የቀረው ያው ነው። ሰው ለቅሶ መጣ፣ "አላህ ወሰዳት፣ ዐረፈች" አለ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። አባቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ሞተ። እኔ መስፋቱን ቀጠልኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ደሴ የተሣለውን ክብ እንደ እብድ ሥራ ቆጥሬ ኖርኩ፤ ሜላት በግራ ትከሻዋ መቃኑን ገጭታ ይቅርታ እስክትጠይቀው ድረስ።

ዩኒፎርሙን ጨርሼ በሰጠኋቸው ማግስት ዋጃ ሄድኩ። እናቴ ሰማንያ አምስት አልፏታል፣ ታናሽ ወንድሜ አህመድ ዘንድ ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋና አእምሮዋ ግን ምንም አልሆኑም። ከደጁ ጥላ ስር ቁርበቷ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጎኗ ተቀመጥኩና ስለ ልጅቷ ነገርኳት። ከዚያ ስለ ደሴ ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ትራመዳለች፣ ታወራለች፣ ትስቃለች ያለውን፣ እኔ ያልተናገርኩትን። የምታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። ልጅ ነበርክ፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ትለኛለች ብዬ ነበር። ለዚህ ነበር የሄድኩት፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

"አባትህ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር" አለች እናቴ። "'ፈረንጁ ያን ያህል ተናግሮ ልጁ አንዲት ቃል ነው የነገረኝ' ይላል። 'ሌላ አስተርጓሚ ይዤ ልመለስ' ይላል። በቅሎ ተከራይቶ ወልድያ ድረስ፣ ከዚያም ደሴ ሊሄድ ተነስቶ ነበር፤ አውቶቡስ አይጭነንም ብሎ።"

"ታዲያ ለምን ቀረ?"

"እኔ ነኛ ያስቀረሁት! 'ልጄ አይዋሽም' አልኩት። 'ሰይድ የሰማውን ነው የነገረህ፣ ልጄን አትጠርጥርብኝ' አልኩት። ተጣላሁት። ኮርቼብህ!"

"እማ..."

"ሃምሳ ዓመት የአላህ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። ያ ሁሉ ሶላቴ በዚህ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልስገድ? ለአንተ እንዲቀልህ መጥተህ እኔ ላይ አራገፍከው?"

"ይቅር በይኝ።"

"ውጣ ከፊቴ።"

ወጣሁ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አላናገረችኝም። አህመድ ስልክ ሲደውልልኝ፣ "አጠገቤ ናት፣ ግን እጇን እያወዛወዘች አይሆንም ትላለች" ይለኛል። እኔም በዚያ ሰሞን ከሰው ጋር ሁሉ ተጣላሁ። ሻይ ቤት ስለ ሜላት ሊቀልድ የሞከረ አንድ ነጋዴ ላይ ብርጭቆ ሰበርኩ። ባለቤቴ፣ "በዚህ ዕድሜህ ልትታሰር ነው" አለችኝ። ልታሰር አልኳት። ከሚቀልደው ይልቅ በራሴ ላይ መስበር ነበረብኝ፣ ያንን ግን አላልኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት አህመድ ደወለ። "እናታችን፣ ልጅቷን ያምጣልኝ ብላለች" አለኝ።

ወይንሸትን ስለምናት ሁሉንም ነገር ነገርኳት፤ የዋሸሁትንም ጭምር። ሰማችኝና፣ "እኔም እኮ ልፈርም ስል እጄ ሦስት ጊዜ ተመልሷል" አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ዋጃ ወረድን። ሜላት አዲሱን ሸሚዝ ለብሳ፣ በመኪናው ቀኝ መስኮት ተቀምጣ በመንገዱ ዳር ለሚያልፉት ግመሎች ስም ታወጣላቸው ነበር።

እናቴ እኔን "ደህና ዋልክ" እንኳ አላለችኝም። ወይንሸትን ሳመቻት፣ ልጅቷን ወደ ራሷ አስጠግታ ሻሿን ፈታችላት። በደከመ ዓይኗ ፋንታ ጣቷን ላከች፤ ጠባሳውን ከግንባሯ በላይ አግኝታ እስከ ጆሮዋ ጀርባ ድረስ ተከተለችው።

"ያምሻል?"

"ድሮ። አሁን ሲበላኝ ብቻ ነው።"

"ትስቂያለሽ?"

ሜላት ጥያቄው ግራ ገብቷት እናቷን አየች፤ ከዚያ፣ "ክፍል ውስጥ ስቄ አስወጥተውኛል" አለች። እናቴ አንገቷን ደፋች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ተቀመጥ ያለኝ የለም፣ እኔም ለመቀመጥ አልደፈርኩም። በልጅቷ ደረት ላይ የታጠፈውን ግራ እጅ አገኘችው። በሁለት እጇ ያዘችው፣ ጨመቀችው፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያለ ድምፅ አለቀሰችበት። ልጅቷ ሳትንቀሳቀስ ጥቂት ጠበቀቻት።

"እማማ" አለቻት፣ "በዚህኛው ብዙም አይሰማኝም። ይሄኛውን ይያዙኝ።"

ቀኝ እጇንም ሰጠቻት።